አደባባዩ ላይ ምን ይቁም? ማንስ ይወስናል?

ሳምንታዊ የአድማጮች ትምህርታዊ ዝግጅት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በከተማ መሃል ያሉ የጋራ ነገሮች ብዙ ናቸው። ሐውልት አለ፤ ፏፏቴ አለ፤ የሰዓት ማማ አለ። የመንገድ ዳር ወንበር፣ የጥላ ዛፍ፣ መብራት፣ የመጠጥ ውኃ ቧንቧና የሕዝብ መጸዳጃ ቤትም አሉ። የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ነገር ግን እያንዳንዳቸው አንድ ቀን፣ በአንድ አካል ውሳኔ፣ በሕዝብ መሬት ላይ ቆመዋል።

ክቡራን አድማጮች፣ በምትኖሩበት ከተማ አደባባይ ላይ ያለውን ነገር ያስቆመው ማን ይመስላችኋል? ከንቲባው ነው? ምክር ቤቱ ነው? ወይስ መንገድ ሥራው? ብዙ ሰው «መንግሥት ነዋ!» ብሎ ያልፋል። መልሱ ግን ከዚህ የበለጠ ዝርዝር አለው። ማን እንደሚወስን ያወቀ ነዋሪ ለማን መናገር እንዳለበትም ያውቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ዋና ነጥብ ይያዝ። ጥሩ የአደባባይ ውሳኔ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ከመትከሉ በፊት ነዋሪውን ይሰማል። ሁለተኛ፣ ከተተከለ በኋላ ተንከባካቢ ይመድባል። ከመትከል በፊት መስማት፤ ከመትከል በኋላ መንከባከብ። ይህ ነጥብ በዝግጅቱ ውስጥ እየተደጋገመ ይነሣል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ይታይ።

በብዙ አገሮች እንዲህ ያለው ውሳኔ ለሕዝቡ ቅርብ ለሆነው አስተዳደር የተተወ ነው። በእንግሊዝ አገር ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ አንድ ሕግ አለ። ሕጉ የመንደርና የትናንሽ ከተሞች ምክር ቤቶች በመንገድ ዳር መቀመጫና መጠለያ እንዲያቆሙ፣ የሕዝብ ሰዓት እንዲተክሉ፣ የመንገድ መብራት እንዲያስገቡ ይፈቅድላቸዋል።

አንድ ወንበር ለማቆም የፓርላማ ሕግ ያስፈልጋል? አዎ፣ ያስፈልጋል። ወንበሩ የሚገዛው በግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። የሚቀመጠውም ሁሉም በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። የሕዝብን ገንዘብና የሕዝብን ቦታ ለመንካት በሕግ የተሰጠ ሥልጣን መኖር አለበት።

በኢትዮጵያም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ላይ፣ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። አዲስ አበባ በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር አግኝተዋል። ሌሎቹ ከተሞች የሚተዳደሩት ክልሎቻቸው ባወጧቸው አዋጆች ነው።

በእነዚህ ከተሞች ውስጥ ሁለት አካላትን ለይቶ ማወቅ ይገባል። አንዱ ምክር ቤቱ ነው፤ የተመረጡ ሰዎች የሚሰበሰቡበት፣ በጀት የሚያጸድቅ፣ አስፈጻሚውን የሚጠይቅ። ሌላው ከንቲባውና ካቢኔው ናቸው፤ ሥራውን የሚያስፈጽሙት። ምክር ቤቱ ይወስናል፤ ካቢኔው ይፈጽማል። ካቢኔው ጀምሮት ምክር ቤቱ በኋላ የሚሰማው ሥራ ሲበዛ፣ ነዋሪው የመረጠው ሰው በአደባባዩ ጉዳይ ድምፅ አልነበረውም ማለት ነው።

ከእነዚህ ውጪም ባለድርሻ አለ። መንገዱ የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። ቧንቧው የውኃና ፍሳሽ ነው። መስመሩ የመብራት ኃይል ነው። ነገሩ ቅርስ ከሆነ ደግሞ የቅርስ ባለሥልጣን አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለዚሁ አካል ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። ስለዚህ አንድ ከንቲባ ብድግ ብሎ «ይህ ሐውልት ይነሣ» ቢል፣ የእሱ ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም።

(ፋታ)

አሁን ደግሞ ውሳኔ የሚሄድበት መንገድ በምሳሌ ይታይ። ሐውልትም ፏፏቴም ለጊዜው ይቆይ፤ ሁሉም ከሚያውቀው ችግር ይጀመር።

አንዲት መካከለኛ ከተማ ትታሰብ። መናኸሪያዋ ከገበያው አጠገብ ነው። ከገጠር የመጣው ገበያተኛ፣ ተሳፋሪው፣ ሻጩ ሁሉ ቀኑን እዚያ ያሳልፋል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ግን የለም። ወንዱ ወደ አጥር ጥግ ይሄዳል። ሴቷ ግን ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። ጥያቄው ለምክር ቤቱ ቀረበ እንበል። ከዚያ በኋላ ምን መሆን አለበት?

የመጀመሪያው ደረጃ ጥናት ነው። የት ይሠራ? መሬቱ የማን ይዞታ ነው? ውኃ ይደርሰዋል? ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል? ቀላል የሚመስለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይከብዳል። መጸዳጃ ቤት ሁሉም ይፈልጋል፤ በራሱ ሱቅ ደጃፍ ግን ማንም አይፈልግም። ከገበያው ርቆ ቢሠራ ሰው አይሄድበትም። ጭር ባለ ጥግ ቢሠራ ሴቶች ይፈሩታል። ደረጃ ብቻ ከተሠራለት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው አይገባበትም።

ሁለተኛው ደረጃ ነዋሪውን መስማት ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይደጋገማል። የሕዝብ መድረክ ይጠራል፤ አዳራሹ ይሞላል፤ የመጡት ግን የመንግሥት ሠራተኞችና የኮሚቴ አባላት ናቸው። መናኸሪያው ላይ የሚውሉት የት አሉ? ተራ አስከባሪው፣ ሊስትሮው፣ የጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ሎተሪ አዟሪው፣ የባጃጅ ሾፌሩ የት ነው ያሉት? ሥራ ላይ ናቸው። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ከተጠራ አይመጡም። ቦታውን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። ጎርፉ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ሌሊት የትኛው ጥግ እንደሚያስፈራ የሚነግር ካርታ የለም፤ እነሱ ይነግራሉ። ስለዚህ መስማት ማለት ሰውን አዳራሽ መጥራት ብቻ አይደለም፤ ሰው ወዳለበት መሄድም ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ጉዳዩ በምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ተመርምሮ ለጉባኤ መቅረቡ ነው። አባላቱ ይከራከራሉ፤ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። ቃለ ጉባኤ ትንሽ ነገር አይደለም። ከአምስት ዓመት በኋላ «ይህ ነገር ለምን እዚህ ተሠራ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚገኘው እዚያ ነው። ባለሥልጣን ይቀያየራል፤ መዝገብ ይኖራል።

አራተኛው ደረጃ በጀትና ጨረታ ነው። አምስተኛው ግንባታውና ርክክቡ ነው። ሪባን የሚቆረጠው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙዎች ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም። ስድስተኛው ደረጃ ገና አሁን ይጀምራል፤ እሱም እንክብካቤ ነው።

ቁልፉ ማን ጋ ነው? የሚያጸዳው ማን ነው? ውኃ ሲጠፋ ለማን ይነገራል? ገንዘብ ይከፈላል ወይስ በነፃ ነው? በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች መጸዳጃ ቤቱን ተረክበው በአነስተኛ ክፍያ ያስተዳድሩታል። ይህ ጥሩ መንገድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክፍያው ከአንዲት ጎመን ሻጭ ኪስ አንጻር መታየት አለበት። ውሉም በጽሑፍ ሊሆን ይገባል። ይህ ካልተወሰነ መጸዳጃ ቤቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቆለፋል፤ ችግሩም ተመልሶ አጥር ጥግ ይሄዳል።

አድማጮች፣ ነጥቡ እንደገና ይያዝ። ከመትከል በፊት መስማት፤ ከመትከል በኋላ መንከባከብ።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከጥቅም ነገር ወደ መታሰቢያ ነገር ሲታለፍ ጉዳዩ ይከብዳል። መጸዳጃ ቤት ሰውነትን ያገለግላል፤ ሐውልት ትዝታን ይሸከማል። ሐውልት መትከል ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ታሪክ ክብር መስጠት ነው። ማንሣትም እንዲሁ መልእክት ነው።

የአዲስ አበባ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን እንደያዘች ሐውልቱን አስነሣች። ወራሪው ከነሐሱ ጋር ጠብ አልነበረውም፤ ጠቡ ከአድዋ ትዝታ ጋር ነበር። ከነፃነት በኋላ ሐውልቱ ተመልሶ ቆመ። በለገሃር የነበረው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም እንዲሁ ተዘርፎ ሮም ተወሰደ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ የቆመው የሌኒን ሐውልት በሕዝብ ፊት ወደቀ። ያ ሐውልት ሲተከል የከተማው ነዋሪ አልተጠየቀም ነበር። ያቆመው ሥርዓት ሲሄድ እሱም አብሮ ሄደ።

ከቅርቡ ታሪክ ደግሞ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አለ። አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገዛም ብለው በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉ አባት ናቸው። ሐውልታቸው ከማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ ቆሞ ይኖር ነበር። በ2005 ዓ.ም. ግን የቀላል ባቡሩ መስመር በአካባቢው በመሬት ሥር ማለፍ ስለነበረበት ሐውልቱ ከቦታው ተነሣ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ሠጋ። ይመለስ ይሆን? ቦታውስ ሌላ ይሆን? ሥጋቱ የባቡር ጥላቻ አልነበረም። ባቡሩን የሚፈልገው ሰው ራሱ ለሐውልቱ ይሳሳ ነበር። ሐውልቱ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚህ ምን ይወሰዳል? ልማትና ቅርስ የግድ ተፃራሪ አይደሉም። ሐውልት ለሥራ ሲባል ለጊዜው ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች በግልጽ መመለስ አለባቸው። የት ይቀመጣል? መቼ ይመለሳል? ወደ የትኛው ቦታ ይመለሳል? መልሱ አስቀድሞ በይፋ ከተነገረ ሥጋቱ ይቀንሳል። ካልተነገረ ወሬ ቦታውን ይይዛል።

(ፋታ)

እስካሁን የታየው ስለ መትከልና ስለ ማንሣት ነው። ውሳኔ ሳይሰጥ ሲቀርስ? ምክር ቤት ዝም ሲል ምን ይሆናል? ለዚህ የእንግሊዟ የብሪስቶል ከተማ ትልቅ ትምህርት ትሰጣለች።

በብሪስቶል መሃል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ የኤድዋርድ ኮልስተን ሐውልት ቆሞ ነበር። ኮልስተን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ነጋዴ ነው። ለትምህርት ቤትና ለድሆች መጠለያ ብዙ ገንዘብ ሰጥቷል፤ በሐውልቱ ላይ የተጻፈውም ይህ ደግነቱ ነበር። ያልተጻፈው ሌላ ነው። ኮልስተን አፍሪካውያንን በባርነት ያጋዝ በነበረው የሮያል አፍሪካ ኩባንያ ውስጥ ከፍተኛ ሹም ነበር።

በከተማዋ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች፣ በተለይም የአፍሪካና የካሪቢያን ዝርያ ያላቸው፣ ለረጅም ዓመታት አቤት አሉ። አንዳንዱ ይነሣ አለ። አንዳንዱ ሐውልቱ ይቆይና እውነቱ ይጻፍበት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለተኛ ጽሑፍ በሐውልቱ ላይ እንዲለጠፍ ዕቅድ ቀረበ። ከዚያ በኋላ የቃላት ክርክር ተጀመረ። አንዱ የጻፈውን ሌላው አለዘበው። የለዘበውን ጽሑፍ ደግሞ የከተማዋ ከንቲባ ማርቪን ሪስ አልቀበልም አሉ። ጽሑፉ ሳይለጠፍ ቀረ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 2020 በአሜሪካ የጆርጅ ፍሎይድን መገደል ተከትሎ በተጠራ ሰልፍ ላይ ሕዝቡ ሐውልቱን በገመድ ጎትቶ ጣለው፤ እያንከባለለም ወስዶ ወደብ ውኃ ውስጥ ከተተው። ለዓመታት በስብሰባ ያላለቀው ጉዳይ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ምክር ቤቱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐውልቱን ከውኃ አወጣው። በቀጣዩ ወር ደግሞ አንድ የታወቀ ቀራፂ የአንዲት ሰልፈኛን ሐውልት ሌሊት አምጥቶ በባዶው መቆሚያ ላይ አቆመ። ብዙ ሰው ወደደው። ምክር ቤቱ ግን በማግስቱ አነሣው። ለምን? ፈቃድ አልነበረውምና። ያለ ፈቃድ መጣል ከተማዋን እንደከፈለ ሁሉ ያለ ፈቃድ መትከልም ይከፍላታል። ከንቲባው በቦታው ምን እንደሚቆም የሚወስነው የብሪስቶል ሕዝብ ነው አሉ።

ቀጥሎ የተደረገው ነገር ልብ ይባል። የታሪክ ምሁራን ያሉበት ኮሚሽን ተቋቋመ። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ኤም ሼድ በተባለው የከተማዋ ሙዚየም ውስጥ ተጋድሞ፣ የተቀባው ቀለም ሳይለቅ፣ ለሕዝብ ታየ። ነዋሪው ምን ይደረግ ተብሎ ተጠየቀ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች መለሱ፤ አብዛኞቹም ሙዚየም ውስጥ ይቀመጥ አሉ። ይህ ጥያቄ ከ10 ዓመት በፊት በተመሳሳይ መንገድ ቢቀርብ ኖሮስ? አድማጮች ያስቡበት።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ውሳኔን ማዘግየት ራሱ ውሳኔ ነው። ምክር ቤት በሩን ሲዘጋ ጥያቄው አይጠፋም፤ ወደ መንገድ ይወጣል። አገራችን «ካልደፈረሰ አይጠራም» ትላለች። መድፈረሱ በአዳራሽ ውስጥ ቢሆን ይሻላል፤ እዚያ ቃለ ጉባኤ አለ፤ ሰብሳቢ አለ፤ ድምፅ ይቆጠራል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አንዳንድ ውሳኔ ደግሞ ከአንድ ዕቃ ያልፋል፤ የመሃል ከተማውን አኗኗር ይለውጣል። መኪና ይግባ ወይስ አይግባ? ይህ በብዙ ከተሞች የሚነሣ ጥያቄ ነው።

በስፔን ጋሊሲያ ውስጥ ፖንቴቬድራ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ሚጌል አንሾ ፈርናንዴስ ሎሬስ የተባሉ ሐኪም ከንቲባ ሆኑ። አስተዳደራቸው ወዲያውኑ የጥንቱን መሃል ከተማ ለእግረኛ ለቀቀ። የመንገድ ዳር መኪና ማቆሚያ ተነሣ። መኪናን በዳር ወይም በመሬት ሥር አቁሞ በእግር መግባት ተለመደ።

ነጋዴዎች መጀመሪያ ላይ ፈሩ። መኪና ካልገባ ደንበኛ ይገባል ወይ? ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን የሚሄድ እግር የሱቅ መስኮት ያያል፤ የሚያልፍ ጎማ አያይም። ልጆች በአደባባዩ መጫወት ጀመሩ። ሽማግሌዎች ወንበር አገኙ። ከተማዋ ከአንዱ አደባባይ ወደ ሌላው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚያሳይ ካርታ አዘጋጀች። ከንቲባው ከዚያ በኋላ በተደረጉት ምርጫዎች እየተመረጡ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ከዚያም በላይ ቆይተዋል። ውሳኔው በየ4 ዓመቱ ለነዋሪው ፍርድ ቀርቦ አልፏል ማለት ነው።

በኢትዮጵያም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፣ መብራት፣ ፏፏቴና መቀመጫ ይዞ መጥቷል፤ ሌሎች ከተሞችም ተከትለዋል። በፒያሳና በሌሎች ሰፈሮች ደግሞ ብዙ ሰዎች ከኖሩበት ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ ሄደዋል።

አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሊታይ አይገባም። የእግረኛው መንገድ ውበት እውነት ነው። ጎረቤቱን፣ ዕድሩን፣ ደንበኛውን ትቶ የሄደው ሰው ጉዳትም እውነት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በዚያ ቦታ የሚኖረው ሰው ከሚጠየቁት ሰዎች የመጀመሪያው መሆን አለበት። መጠየቁም ዕቅዱ ሳይዘጋ፣ ሐሳቡ አንድ ነገር ሊለውጥ በሚችልበት ጊዜ ሲሆን ነው ዋጋ የሚኖረው።

(ፋታ)

አሁን ወደ ሁለተኛው ዋና ነጥብ፣ ወደ እንክብካቤ ይታለፍ።

የመንግሥት በጀት ሁለት ኪስ አለው። ግንባታው የሚከፈለው ከካፒታል በጀት ነው። የጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ፣ የመብራት ሂሳብ፣ የመለዋወጫ ግዢ የሚከፈለው ከመደበኛ በጀት ነው። ካፒታል በጀቱ የሚታይ ነገር ይሠራል፤ ይመረቃል፤ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። መደበኛ በጀቱን ማንም አይመርቀውም። ስለዚህ ነው የሚረሳው።

ፏፏቴ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውኃ የሚገፋ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። ማጣሪያው በየጊዜው መጸዳት አለበት። ቀዳዳዎቹ በውኃው ውስጥ ባለው ጨው ይደፈናሉ። መለዋወጫው ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነ አንድ ክፍል ሲበላሽ ፏፏቴው በሙሉ ይቆማል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ጀሪካን ይዞ ወረፋ የቆመ ሰው ፊት ፏፏቴ መርጨት እንዴት ይታያል? ምክር ቤት ፏፏቴ ከማጽደቁ በፊት ይህን ሁሉ መመዘን አለበት። ምናልባት ለዚያ ቦታ የሚሻለው ጥላ ያለው ዛፍና አንድ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ሊሆን ይችላል።

የሮም ከተማ እዚህ ላይ ትጠቀሳለች። እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ በከንቲባ ሉዊጂ ፒያንቻኒ ዘመን በየመንገዱ የብረት የመጠጥ ውኃ ቧንቧ መትከል ተጀመረ። የሮም ሰዎች ናሶኒ ይሏቸዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ቅርጻቸው ቀላል ነው። ዛሬም ከ2,000 በላይ የሚሆኑት በከተማዋ ይገኛሉ፤ አላፊ አግዳሚውም በነፃ ይጠጣል።

ለምን ይህን ያህል ዘመን ቆዩ? ጠንካራ ናቸው፤ በቀላሉ ይጠገናሉ፤ የከተማዋ የውኃ ድርጅትም ይንከባከባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ድርቅ ሲመጣ ውኃ ለመቆጠብ አንዳንዶቹ እንዲዘጉ ተወሰነ። ይህም ሌላ ነገር ያስተምራል። የአደባባይ ውሳኔ አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ሁኔታ ሲለወጥ እንደገና ይታያል።

ስጦታም ከእንክብካቤ ሕግ አያመልጥም። የከተማዋ ተወላጆች ከውጭ አገር ገንዘብ አዋጥተው ለአደባባዩ የሰዓት ማማ ቢሰጡ፣ ልግስናቸው ይከበራል፤ ይመሰገናልም። ምክር ቤቱ ግን ከመቀበሉ በፊት ሊጠይቅ ይገባል። ሰዓቱ ሲቆም ማን ይጠግነዋል? በነፃ የመጣ ነገር በነፃ አይኖርም። ለጋሾቹ ከማማው ጋር የጥገና ገንዘብና አንድ የሠለጠነ የአካባቢው ባለሙያ ቢያስቡለት ስጦታቸው ለረጅም ዘመን ይሠራል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

የመጨረሻው ክፍል ነዋሪው ምን ማድረግ እንደሚችል ይመለከታል።

መጀመሪያ ጊዜውን ማወቅ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅድና በጀት የሚዘጋጀው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። በሐምሌ «ወንበር ይሠራልን» የሚል ጥያቄ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የመጣ ነው። በበጋው ወራት የቀረበ ጥያቄ ግን በዕቅድ የመግባት ዕድል አለው።

ሁለተኛው ጥያቄን በጽሑፍ ማቅረብ ነው። በቃል የተነገረ አቤቱታ ከተናገረው ሰው ጋር ይወጣል። በጽሑፍ የገባና የመዝገብ ቁጥር የተሰጠው ግን መልስ ይጠይቃል። ዕድር፣ የነጋዴዎች ማኅበር፣ የሴቶችና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በጋራ ቢፈርሙበት ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል።

ሦስተኛው መረጃ መጠየቅ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቃለ ጉባኤ፣ ዕቅድና በጀት ምስጢር ሊሆኑ አይገባም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ያዛል።

አራተኛው የመረጡትን ሰው ማወቅ ነው። አድማጮች፣ በምክር ቤቱ የምትወከሉበትን ሰው ስም ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው የከንቲባውን ስም ያውቃል፤ የወረዳውን ተመራጭ ግን አያውቅም። በጉባኤ ላይ እጁን አውጥቶ «ይህ ወንበር ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው ግን ያ ተመራጭ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፣ ለተመራጩ ያልተነገረ ነገር በጉባኤው አይነሣም።

(ሙዚቃ በዝቅታ ይገባል)

በማጠቃለያ፣ አደባባይ ላይ አንድ ነገር ሊተከል፣ ሊነሣ ወይም ሊለወጥ ሲታሰብ አራት ጥያቄዎች ይጠየቁ። አንድ፣ የመወሰን ሥልጣኑ የማን ነው? ሁለት፣ ቦታውን በየቀኑ የሚጠቀሙት ሰዎች ዕቅዱ ሳይዘጋ ተጠይቀዋል? ሦስት፣ ውሳኔው ከነምክንያቱ ተጽፏል? አራት፣ ከምረቃው ቀን በኋላ የሚንከባከበው ማን ነው፤ በየትኛው በጀት?

አራቱም ከተመለሱ ነዋሪው በውሳኔው ባይስማማ እንኳ እንዴት እንደተወሰነ ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጉባኤ ወይም በሚቀጥለው ምርጫ እንዲለወጥ የመጠየቂያ በር አለው። ካልተመለሱ ግን በሺህ ብር የቆመ ወንበርም ሆነ በሚሊዮን ብር የቆመ ሐውልት ባለቤት አይኖረውም። ከመትከል በፊት መስማት፤ ከመትከል በኋላ መንከባከብ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ያበቃል)